የጓሮ ማድ ቤትና የጥብስ ምድጃ፦ ሥራው ከጭሱ ይጀምራል

የአንድ መኖሪያ ቤት የሥራ ሥዕል ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ሳሎኑ ሶፋው ሳይቀር ተሥሎበታል። መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ በሩ የሚከፈትበት አቅጣጫ ሁሉ ይታያል። ወደ ጓሮ ዞር ስትሉ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ባዶ አራት ማዕዘን ነው። መሐሉ ላይ «ሰርቪስ» ወይም «ማድ ቤት» የሚል አንድ ቃል ተጽፎበታል፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ፣ የእጣቢ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ የሚናገር መስመር አይገኝም። ግንበኛውም ቢሆን ምን ያድርግ? ከዋናው ቤት የተረፈውን ብሎኬትና ቆርቆሮ ሰብስቦ በሁለት ሦስት ቀን ገጣጥሞት ይሄዳል። እንግዲህ በግቢው ውስጥ እሳት የሚነድበት፣ ትኩስ ነገር የሚነሣበት፣ እናት ወይም እህት ወይም የቤት ሠራተኛ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሰዓታት የምትቆምበት ቦታ ይኸው ባዶ አራት ማዕዘን ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ባዶ ቦታ እንዴት መሙላት እንደሚቻል ለማስረዳት ይሞክራል። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ወጥ የሚሠራበት፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ ሥጋ የሚጠበስበት አንድ የጓሮ ማብሰያ እንዴት ይታቀዳል፣ እንዴትስ ይገነባል የሚለውን እናያለን።

እነሱ ያወጡት፣ እኛ ያላስገባነው

በአሜሪካ የጓሮ ማብሰያ ትልቅ ሥራ ሆኗል። «ባርቤኪው» የሚለው ቃል የካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከታይኖዎች ቋንቋ በስፓኒሾች በኩል የመጣ ሲሆን፣ መነሻው ሥጋ በእሳት ላይ የሚሰቀልበት የእንጨት ርብራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ጆርጅ ስቲቨን የሚባል የቺካጎ አካባቢ ሰው ክዳን ያለውን ክብ የከሰል መጥበሻ ከሠራ በኋላ ጥብስ የእያንዳንዱ ግቢ የቅዳሜና እሑድ ነገር እየሆነ ሄደ። ዛሬ «የባርቤኪው ደሴት» የሚሉት ደግሞ ከየትኛውም ግድግዳ ያልተጠጋ፣ ሰው ዙሪያውን የሚቆምበት፣ መጥበሻው፣ ማጠቢያውና ጠረጴዛው በአንድ ግንብ ላይ የተቀመጡበት ሥራ ነው። ዋናው ማድ ቤታቸው ግን ቤት ውስጥ ነው። ውጭ የሚወጡት ለመዝናናት ነው።

የእኛ ታሪክ ሌላ ነው። ማድ ቤታችን መጀመሪያውኑ ከዋናው ቤት ተለይቶ የቆመ ነው። በቤተ መንግሥቱ ግቢ እንኳ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ የየራሳቸው ቤትና የየራሳቸው አዛዥ ነበራቸው። ጭሱ፣ የእሳት አደጋው፣ የቁሌቱ ሽታ ከእልፍኝ እንዲርቅ ነው። ይህ ልማድ በከተማ ኑሮም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሲሠሩ በየግቢው የጋራ መገልገያ ቤት አብሮ ታቅዷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ኩሽና ውስጥ በእንጨት እንጀራ አይጋገርም፣ በግም አይታረድም። የቤቶቹ ንድፍ ዘመናዊ ቢሆንም ጓሮው ተከትሎ መጣ።

ስለዚህ የእነሱን ደሴት ዝም ብሎ መቅዳት አይሠራም። የእነሱ ንድፍ የሚነሣው ከእንግዳው ነው፤ ጥብስ የሚጠብስ ሰው ፊቱን ወዴት ያዙር፣ ወንበሩ የት ይሁን ይላል። የእኛ ግን መነሻው ምጣዱ ነው፤ ምጣዱ ካለ ደግሞ ጭስ አለ።

ጭሱን ማንበብ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ጋር በተያያዘ በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ቤተሰብ ከ9 በላይ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት እንደነበረ ያሳያል። ሕፃን አዝላ የምትጋግር እናት ያላየ የለም። ጭሱ ለሁለቱም እኩል ነው፤ የሕፃኑ ሳንባ ግን ትንሽ ነው።

«ማድ ቤቱ ውጭ ነው እኮ፣ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ውጭ የተሠራው ማድ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አለመሆኑ ነው። በአራት ግድግዳ ተከቦ፣ አንዲት ጠባብ በር ብቻ ተበጅቶለት፣ ቆርቆሮው እስከ ግድግዳው ጫፍ ተመትቶ ሲያበቃ፣ ከዋናው ቤት የራቀ ሳጥን ይሆናል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በሩን ይመርጣል፤ በሩ ደግሞ ሰዋ የምትተነፍስበት ብቸኛ ቀዳዳ ነው።

አሮጌ ማድ ቤት አፍርሳችሁ አዲስ ልትሠሩ ከሆነ ከማፍረሳችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣራውን ተመልከቱ። ጥቀርሻው የት ጋ ወፍሯል? የትኛው ግድግዳ ጠቁሯል? የትኛው ጥግ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል? ጥቀርሻ ለብዙ ዓመታት የተሣለ የጭስ ካርታ ነው። ጭሱ የሚከማችበትን፣ የሚዞርበትንና የሚወጣበትን ያለ ምንም መሣሪያ ያሳያል። አዲስ ቦታ ከሆነ ደግሞ ቁራጭ ፌስታል በረዥም እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ ለአንድ ሳምንት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወዴት እንደሚውለበለብ መዝግቡ። በበጋና በክረምት ነፋሱ አንድ አይደለምና ያላያችሁትን ወቅት ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የአቀማመጥ ነው። ነፋሱ በምትጋግረው ሴት ጀርባ በኩል ከመጣ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን በሰውነቷ ፊት ለፊት ሽክርክሪት ስለሚፈጥር ጭሱን ወደ ፊቷ ይስባል። ከፊት ለፊት ከመጣም እንደዚያው ነው። የሚሻለው ነፋሱ በጎን በኩል በመደዳው ርዝመት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ውሃና ማጠቢያው ነፋሱ በሚመጣበት ጫፍ፣ ምጣዱ ነፋሱ በሚወጣበት ጫፍ ይሁን። ያኔ የምጣዱ ጭስ ሌላውን ቦታ ሳይነካ ይሄዳል። እርግጥ በዚያ በኩል የራሳችሁ መኝታ ቤት መስኮት ወይም የጎረቤት አጥር ካለ ነገሩ ይለወጣል። ከጎረቤት ጋር በጭስ ከመጣላት ምጣዱን ሁለት ሜትር ማዛወር ይረክሳል።

አሁን ወደ ጭስ ማውጫው እንምጣ። የሞቀ አየር ከቀዝቃዛው ይቀላልና ወደ ላይ ይወጣል፤ የወጣውን ለመተካት ቀዝቃዛ አየር በታች ይገባል። ጭስ ማውጫ ቱቦ የሚሠራው ይህንኑ ጉዞ በአንድ መንገድ በመሰብሰብ ነው። ቱቦው በረዘመና ውስጡ በሞቀ ቁጥር ስበቱ ይበረታል፤ ሆኖም ቁመቱን እጥፍ ማድረግ የሚያልፈውን ጭስ እጥፍ አያደርገውም፣ 1.4 እጥፍ ያህል ነው የሚጨምረው። ስለዚህ በረዥሙ ከመሥራት ይልቅ በትክክለኛው ቦታ መሥራት ይበልጣል። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ የጭስ ማውጫ ጫፍ ጣራውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳ.ሜ፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም የጣራ ክፍል ደግሞ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ ካነሰ ነፋሱ ጣራው ላይ ሲገለበጥ ጭሱን መልሶ ወደ ታች ይደፍቀዋል። ይህ ደንብ ለእኛም ጓሮ ይሠራል፤ ነፋስ አገር አይመርጥም። ቱቦው ባለ አንድ ንጣፍ ቆርቆሮ ከሆነ ከሞራሌውና ከማገሩ 45 ሳ.ሜ ማራቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ እንጨቱ ከዓመት ዓመት እየደረቀ፣ እየከሰለ ሄዶ አንድ ቀን ይያያዛል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቱቦ መግጠም ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ስበቱ በጣም ከበረታ ነበልባሉ ምጣዱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ቱቦው ይሮጣል፤ ምጣዱ በአንድ በኩል ይነዳል፣ በሌላው በኩል እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ብዙ ሰው ጭስ ማውጫ አስገጥሞ «እንጨት ጨረሰብኝ» እያለ የሚደፍነው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከምድጃው ወደ ቱቦው የሚወስደውን ቀዳዳ ከምጣዱ ጠርዝ ዝቅ አድርጎ መሥራትና በመንገዱ ላይ ድስት የሚቀመጥበት ቦታ ማበጀት ነው። የሚወጣው ጭስ ገና ትኩስ ስለሆነ ድስቱን እያሞቀ፣ እየቀዘቀዘም ወደ ቱቦው ይገባል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተዘጋጀው «ምርጥ» ምድጃ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ከሲሚንቶና ከፑሚስ በቁርጥራጭ ተሠርቶ ይገጣጠማል፤ እሳቱን ዙሪያውን ይከባል፣ ከበስተኋላው የድስት ማስቀመጫ አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨት ፍጆታውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ወደ ምጣዱ የሚደርሰው ሙቀት አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው፤ የቀረው እግርን፣ ግድግዳንና ሰማይን ያሞቃል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል የአገራችን ሰው። ወጡን ባያጣፍጥም እንጨቱን ይቆጥባል፣ ዓይንንም ያተርፋል።

ቁመት

ከጭሱ ቀጥሎ የሚወሰነው ቁመት ነው። ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ ከማገላበጥ በፊት የምትጋግረውን ሰው መለካት ይቀድማል። ለመክተፊያና ለማቡኪያ የሚመች ጠረጴዛ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ዝቅ ያለ ነው። 1.60 ሜትር ቁመት ያላት ሴት ክርኗ ከመሬት 1 ሜትር አካባቢ ስለሚሆን ጠረጴዛዋ ከ85 እስከ 90 ሳ.ሜ ይሆናል ማለት ነው።

ምጣዱ ግን በዚያ ቁመት መቀመጥ የለበትም። የምጣዱ ስፋት 60 ሳ.ሜ ያህል ነው፤ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሐል እየዞረች የምታፈስ ሴት የወዲያኛውን ዳር ከላይ ማየትና መድረስ አለባት። አክንባሎውን ስታነሣም እንፋሎቱ ፊቷ ላይ መፈንዳት የለበትም። ስለዚህ የምጣዱ ገጽ ከ70 እስከ 75 ሳ.ሜ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ወደ ታች ብንቆጥር፣ ከምጣዱ በታች ለእሳቱ ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ ክፍተት ስንተው፣ እሳቱ የሚነድበት ወለል ከመሬት ከ45 እስከ 50 ሳ.ሜ ላይ ይውላል። ይህ ቁመት ሌላም ጥቅም አለው። መሬት ላይ የተነጠፈ እሳት በእግሩ የሚድህ ሕፃን ይገባበታል፤ በጉልበት ቁመት ያለ እሳት ግን ያንን ያህል ቅርብ አይደለም።

ከምጣዱ አጠገብ፣ በምጣዱ ልክ ዝቅ ያለ 60 ሳ.ሜ ጠረጴዛ ይኑር። ሰፌዱ ከምጣዱ ጠርዝ ጋር ገጥሞ ሲቀመጥ እንጀራው ሳይነሣ ተንሸራቶ ይወጣል። በቀኝ ይሁን በግራ የሚለውን ጋጋሪዋ ትወስን፤ አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁን ስለሚያስቀድም ብቻ በቀኝ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ግንበኛው ከመምጣቱ በፊት ብሎኬቶችን ያለ ሲሚንቶ ደርድራችሁ፣ ላዩ ላይ ጣውላና የቀዘቀዘ ምጣድ አስቀምጣችሁ «እስቲ እንደምትጋግሪ ሁኚ» በሏት። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በኋላ ግንብ ከማፍረስ ያድናል።

የወጥ ቤትን ሥራ በእርምጃና በእጅ እንቅስቃሴ መለካት በአውሮፓም ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት የመኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ጠባብ ኩሽና ሴቲቱ ስንት እርምጃ እንደምትሄድ ተቆጥሮ የተሠራ ነበር። የኛ ጓሮ የራሱን ቆጣሪ ገና አላገኘም።

ግንባታው

ለምሳሌ 4 ሜትር ርዝመትና 2.40 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦታ እንውሰድ። ነፋሱ ከሚወጣበት ጫፍ ጀምረን ስንደረድር፦ ለምጣዱ ምድጃ 95 ሳ.ሜ፣ ለዝቅተኛው የሰፌድ ጠረጴዛ 60 ሳ.ሜ፣ ለጥብስ ምድጃው 70 ሳ.ሜ፣ ለመክተፊያው 1.15 ሜትር፣ ለማጠቢያው 60 ሳ.ሜ። ሲደመር ልክ 4 ሜትር ይሞላል። የጠረጴዛው ጥልቀት 60 ሳ.ሜ ሲሆን ምጣዱ ያለበት ክፍል ብቻ ወደ ፊት ይወጣል።

አፈሩ ተነሥቶ 25 ሳ.ሜ ድንጋይ ከተነጠፈና በደንብ ከተጠቀጠቀ በኋላ 10 ሳ.ሜ ኮንክሪት ይፈስበታል። ወለሉ ከግቢው መሬት 15 ሳ.ሜ ያህል ከፍ ይበል፤ በሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ ትረዱታላችሁ። ወደ ፊት ለፊት 2 ከመቶ ተዳፋት ይኑረው፤ በ2.40 ሜትር ላይ 5 ሳ.ሜ መሆኑ ነው። ኮንክሪቱ ወደ 1 ሜትር ኩብ ይጠጋል፤ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ3 ጠጠር ሆኖ ሲቦካ ወደ 3.5 ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል። ዋጋውን እዚህ መጻፍ ትርጉም የለውም፣ ጽሑፉ ሳይታተም ይለወጣል፤ መጠኑን ግን ይዞ ገበያ መውጣት ይቻላል።

ከኋላ ያለው ግድግዳ 2 ሜትር ከፍታ ይበቃዋል። ለአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ስለሚገባ 100 ብሎኬት ይፈልጋል። ለጠረጴዛው እግሮች ወደ 40 ይጨመርና ለሚሰበረው መጠባበቂያ ሲያዝ 150 ገደማ ይሆናል። እግሮቹ ከግድግዳው ጋር ተያይዘው ሲገነቡ ግድግዳውን ይደግፉታል። ሌሎቹ ሦስት ጎኖች ክፍት ይሁኑ። ሌባ ለሚፈራ ዝቅ ያለ ግንብና ፍርግርግ ይበቃል፤ ሙሉ ግድግዳ ከሠራችሁ ወደ ሳጥኑ ተመለሳችሁ።

ጣራው ከኋላ 2.60 ሜትር፣ ከፊት 2.30 ሜትር ይሁን። ይህ ከተለመደው የተገላበጠ ነው። ጭስ በቆርቆሮው ሥር እየተጎተተ ወደ ከፍተኛው ጠርዝ ይሄዳልና ከፍተኛው ጠርዝ ከምድጃው በላይ፣ ከሰው ራስ የራቀ እንዲሆን ነው። በግድግዳው ጫፍና በጣራው መካከል የሚቀረው 60 ሳ.ሜ ክፍተት አይደፈን። ዝናቡ ወደ ፊት ስለሚፈስ አሸንዳ ግድ ነው፤ ቆርቆሮውም በየጎኑ 50 ሳ.ሜ ይውጣ።

እሳት የሚነካው ክፍል ግን ከሌላው ተለይቶ ይታሰብ። ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬው መቀነስ ይጀምራል፤ 573 ዲግሪ ሲደርስ በአሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ጠባዩን ለውጦ ያብጣል። በብሎኬትና በሲሚንቶ ብቻ የተሠራ ምድጃ ዓመት ሳይሞላው የሚፈረካከሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከምድጃው ወለል ሥር 10 ሳ.ሜ የፑሚስ ወይም የደረቀ አመድ ንጣፍ ይደረግ፤ በላዩ የሸክላ ጡብ ይደርደር። ጎኑም በጡብ ይሠራ፤ ማያያዣው ሲሚንቶ ሳይሆን ጭቃና አሸዋ ይሁን፣ ጭድ ቢገባበት ደግሞ የተሻለ። እናቶቻችን ምድጃቸውን በጭቃ የሚመርጉት ሲሚንቶ አጥተው ብቻ አይደለም። ጭቃ ሲሰነጠቅ በእጅ ይለሰናል፣ ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ ግንበኛ ይጠራል። «ምርጥ» ምድጃስ ሲሚንቶ የለበትም ወይ ቢባል፣ አለበት፤ ግን አብሮት የገባው ፑሚስ በአየር የተሞላ ቀላል ድንጋይ ስለሆነ ሙቀት አያሻግርም፣ እንደ ኳርትዝ አሸዋም አያብጥም። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ምድጃ ውስጥ አታስገቡ። በውስጡ የያዘው እርጥበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ድንጋዩን ያፈነዳዋል።

ጥብሱ

በጥብሱ ላይ አንድ ትዝብት አለኝ። አዳዲስ ግቢዎች ውስጥ ባለ ግራናይት የጥብስ ምድጃ ፊት ለፊት ተሠርቶ፣ መብራት ተሰቅሎለት፣ ምጣዱ ግን ከኋላ ጨለማ ውስጥ ያለበት ሁኔታ እየበዛ ነው። ጥብሱን የሚጠብሰው አባወራው ነው፣ በወር አንዴ፣ በእንግዳ ፊት። ገንዘቡም ወደዚያ ያዘነብላል። እኔ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚነደው እሳት ቅድሚያ ቢያገኝ እላለሁ። የጥብሱ ምድጃ በቀላሉ የሚሠራ ነገር ነው፦ ከሰሉ የሚያርፍበት በታች በኩል ቀዳዳ ያለው ብረት፣ ከሥሩ አመድ መቀበያ፣ ከከሰሉ ከ10 እስከ 15 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ ርብራብ። ርብራቡ ከፍና ዝቅ እንዲል በሁለት ደረጃ ማሳረፊያ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ ስብ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሣልና ሥጋውን ፈጥኖ ማራቅ ያስፈልጋል። ባለ 8 ፌሮ ተበይዶ ርብራብ ቢሆን ችግር የለውም፤ መጀመሪያ ያለ ሥጋ በኃይለኛ እሳት ተቃጥሎ ይጠረግ። የውሃ ቧንቧና ዚንክ የተቀባ ብረት ግን ለዚህ አይሆንም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ጭሱም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ያስከትላል።

ጥብሱ ካለቀ በኋላ የቀረውን ፍም «ቤት ያሙቅ» ብሎ ማስገባት አደገኛ ነው። ከሰል ጭስ ሳይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በየክረምቱ የምንሰማው ሞት ነው። ስለዚህ ክዳን ያለው የአመድ ቆርቆሮ ከምድጃው አጠገብ ይኑር፣ ፍሙ እዚያው ይዳፈን።

ጋዝና መብራት

ሲሊንደር የሚጠቀም ሰው የሚያስቀምጥበት የግንብ ሳጥን ከታች፣ በወለሉ ልክ፣ በሁለት ጎን ክፍት ይሁን። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ታች ይተኛል። ከላይ ብቻ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ውስጥ እንደ ውሃ ይጠራቀምና ክብሪት ይጠብቃል። ከእሳቱም በቂ ርቀት ይኑረው፤ በእኛ ምሳሌ ከማጠቢያው ሥር መሆኑ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፒር ማለት ነው። ከሳሎን ሶኬት በተጎተተ ቀጭን ገመድ ይህንን መሸከም አይቻልም፤ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ሲሞቅ አይታይም። ከቆጣሪው ቀጥታ የመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ የራሱ ማቋረጫ፣ የምድር መስመርም ይኑረው። ሶኬቱ ከማጠቢያው ይራቅ። ኤሌክትሪክ ያለው ሰው «እንጨት ቀረ» ብሎ የጭስ ማውጫውን ባይተወው ይሻላል፤ መብራት በሚጠፋበት ቀን ሊጡ አይጠብቅም።

መጀመሪያ ሲነድ

ኮንክሪቱ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው። የጡቡ ምድጃ ደግሞ በተቃራኒው መድረቅ አለበት። አንድ ሳምንት በጥላ ከተተወ በኋላ ለሦስት አራት ቀን በየቀኑ ትንሽ የጭራሮ እሳት ይነድበት፤ በመጀመሪያው ቀን ፍልጥ ከገባበት እንፋሎቱ ጭቃውን ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በኋላ ምጣዱ ተቀምጦ ይሟሻል። በመጀመሪያው ጋገራ ጭሱ በእሳቱ አፍ በኩል ከተመለሰ ቱቦው ገና አልሞቀም ይሆናል፤ ከቱቦው ሥር የተጨመቀ ጋዜጣ አንድዳችሁ ሞክሩ። አሁንም ከተመለሰ ቱቦውን ግማሽ ሜትር አስረዝሙት። እንጀራው በቱቦው በኩል ቀድሞ ከበሰለ ግን የሚጠበው ከኋላ ያለው ቀዳዳ ነው፤ ቁራጭ ጡብ በመጨመር ልኩ እስኪገኝ መሞከር ነው።